አምስት ስፒከር በጭቃ ቤት

የድምፅ ማጉያው፣ የአምፑ፣ ካርቶን ላይ በትልልቅ ቀይ ቁጥር 3000 ዋት ተብሎ ተጽፎበታል። ከአምፑ ጀርባ፣ የመብራት ገመዱ ከሚወጣበት ጎን ደግሞ በጥቃቅን ፊደል 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 65 ዋት ይላል። ታላቅ ወንድሜ ሻሸመኔ ሲገዛው ያነበበው የካርቶኑን ነው፤ እኔ ኩየራ ሲደርስልን ያነበብኩት የጀርባውን። ከግድግዳ 65 ዋት ስቦ 3000 ዋት የሚያወጣ ዕቃ በዚህ ዓለም እንደሌለ ለመረዳት የትምህርት ቤት ፊዚክስ ይበቃል። የካርቶኑ ቁጥር ነጋዴዎች ፒ.ኤም.ፒ.ኦ. የሚሉት ነው፤ ወጥ መለኪያ የሌለው፣ ለቅጽበት እንኳ ይደረስበት አይደረስበት ማንም የማይጠይቀው ቁጥር። በሙቀት የሚባክነው ሲቀነስ፣ ለአምስቱ ስፒከሮችና ለዉፈሩ ተደምሮ የሚደርሳቸው አርባ ዋት ቢሆን ነው።

አርባ ዋት ግን ለአንዲት ክፍል ብዙ ነው። ሰው ቁጭ ብሎ ፊልም ሲያይ፣ ሰዎች ሲነጋገሩ፣ በር ሲከፈት፣ ሙዚቃ ከሥር ሲፈስ፣ አንድ ስፒከር የሚፈልገው ከአንድ ዋት ብዙም አይበልጥም። ቀሪው ለፍንዳታውና ለነጎድጓዱ የሚቀመጥ መጠባበቂያ ነው። ይህን የማውቀው ዛሬ ነው፤ ያን ጊዜ የማውቀው እናቴ ደስ እንዳላትና ጎረቤት ሁሉ ሊያይ እንደመጣ ብቻ ነበር።

ወቅቱ 1990ዎቹ እየተጠናቀቁ ያሉበት ነው። ወንድሜ በኮንትራት መሬት የዘራው ድንች ቀንቶት፣ ምርቱ በአይሱዙ ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ፣ እጁ ላይ ትንሽ ገንዘብ ተርፎ ነበር። ኩየራን ለማያውቅ ሰው፦ ከሞጆ በመቂ፣ በዝዋይና በአርሲ ነገሌ አድርጎ ወደ ሻሸመኔ የሚወስደው መንገድ መሃሏን ሰንጥቆ ያልፋል። አውቶብስ ውስጥ ያለ መንገደኛ ሻሸመኔ ደረስን ብሎ ሻንጣውን ማውረድ የሚጀምረው እሷ ላይ ነው። ድንች፣ ጎመን፣ ካሮት በየመንገዱ ዳር ይቆለላል። ስሟን ያስጠራት ግን የአድቬንቲስት ሚሽን ነው፤ ከኃይለ ሥላሴ ዘመን ጀምሮ ትምህርት ቤቱና ኮሌጁ፣ ሆስፒታሉም እዚያው ነበሩ። ከየክፍለ ሀገሩ ሊማር የመጣ ልጅ፣ ሊታከም የመጣ ሕመምተኛ የማይጠፋባት ትንሽ ከተማ ናት። በአንዲት የገበያ ቀን አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ወላይትኛ፣ ከምባትኛ፣ ሲዳምኛ ይሰማባታል።

ወንድሜ ሄዶ የነበረው ቴሌቪዥን ሊገዛ ነው። ቴሌቪዥንማ ነበረን፣ ባለ 14 ኢንች፤ ትልቅ ሊቀይር ፈልጎ ነው። ሱቁ ውስጥ ግን ባለሱቁ አንድ የሕንድ ፊልም ከፍቶ፣ አምስት ስፒከር ደርድሮ፣ ዝናቡን ከኋላው አዘነበበት። ትልቁ ቴሌቪዥን ቀረ። ሁለት ሺህ ብር ያልሞላ ከፍሎ፣ ካርቶኑን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኖ መጣ። ውሳኔው ትክክል እንደነበረ ዛሬም እከራከራለሁ። ትንሽ ስክሪን ዓይን ይለምደዋል፤ ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ስፋቱን የሚያስታውስ ሰው የለም። ቀጭን ድምፅ ግን እስከ መጨረሻው ቀጭን ነው።

የተከራየነው ቤት ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ነበር፤ ግድግዳው እንጨትና ጭድ የገባበት ጭቃ፣ ኮርኒሱ የተወጠረ አቡጀዲ፣ ከላዩ ቆርቆሮ። ወለሉ ላይ ሰሌን፣ ከሰሌኑ ላይ አሮጌ ምንጣፍ። ሁለቱን የፊት ስፒከሮች ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ፣ የመሃሉን ቴሌቪዥኑ አናት ላይ አስቀመጥን። ሁለቱ የኋላዎች በምስማር ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ፤ ገመዳቸው በአቡጀዲው ላይ አልፎ ወረደ። ገመዱ እንደ ጸጉር የቀጠነ፣ አጭርም ስለነበር ከስልክ ሽቦ ቀጠልንለት። አንደኛው የኋላ ስፒከር ከእናቴ መቀመጫ በላይ ስለዋለ፣ ለእሷ ፊልሙ ሁሉ ከራሷ ላይ የሚወርድ ሆነ። «ይሄ ነገር ጆሮዬ ላይ ተቀምጦ ነው እንዴ የሚያወራው?» አለች። እውነቷን ነበር፦ ጆሯችን አንድን ድምፅ ቀድሞ ከደረሰበት አቅጣጫ እንደመጣ አድርጎ ነው የሚወስደው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ የፊቱ ስፒከር ከእናቴ ሦስት ሜትር ሲርቅ የኋላው አንድ ሜትር አይሞላም፤ ያቺ ጥቂት የሺህኛ ሰከንድ ቅድሚያ ነገሩን ሁሉ ትገለብጠዋለች። ስፒከሩን ወደ ላይ ከፍ አድርገን ፊቱን ወደ ግድግዳው ጥግ ስናዞረው፣ ድምፁ ተበትኖ ከኋላ መሆኑ ብቻ ቀረ። እናቴም ፊልሟን ከቴሌቪዥኑ መስማት ጀመረች።

የኋላዎቹ ስፒከሮች ነገር ግን ለብዙ ጊዜ እንቆቅልሽ ሆኖብን ነበር። በሻሸመኔው ሱቅ ያዘነቡት ስፒከሮች እኛ ቤት የአማርኛ ፊልም ሲከፈት ጭጭ ይላሉ። ተበላሹ ብለን ገመዱን ነቃቅለናል። በዚያ ወቅት የአማርኛ ፊልም በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ከታየ በኋላ እኛ ዘንድ የሚደርሰው በቪሲዲ ነው። ቪሲዲ ደግሞ የሚይዘው ሁለት ድምፅ ብቻ ነው፣ ግራና ቀኝ። የእኛ ዓይነቱ ርካሽ አምፕ ሁለቱን ተቀብሎ አምስት የሚያደርግበት ዘዴ ቀላል ነው፤ በግራውም በቀኙም እኩል ያለውን ወደ መሃል ይልካል፣ ግራውን ከቀኙ ቀንሶ የተረፈውን ደግሞ ወደ ኋላ። አሜሪካዊው ዴቪድ ሃፍለር በእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ መጀመሪያ ግድም ያስፋፋው ዘዴ ነው፤ ዶልቢ በ1982 ለቤት ያወጣው የዙሪያ ድምፅ፣ ከዚያም የ1987ቱ ፕሮ ሎጂክ መሠረታቸው ከዚሁ አይርቅም። እኛ ቤት የገቡት የአማርኛ ፊልሞች ግን አብዛኞቹ በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ድምፅ ነበራቸው። አንድን ነገር ከራሱ ሲቀንሱት ምን ይተርፋል? ዝምታ።

ይህን የተረዳሁት በፊልም አይደለም፤ በዘፈን ነው። አንድ ከሰዓት ሙዚቃ ከፍቼ፣ ወንበር ላይ ወጥቼ ጆሮዬን ከኋላው ስፒከር ላይ ብለጥፍ ዘፋኙ የለም። ኪቦርዱ በስሱ አለ፣ የተቀባዮቹ ድምፅ አለ፣ የዘፋኙ ኢኮ እንኳ አለ፤ እሱ ራሱ ግን ከመሃል ወጥቶ ሄዷል። ወደ ፊቱ ስፒከር ስሄድ ተመልሶ ይመጣል። እየተመላለስኩ ስሰማ ዋልኩ። ዘፈን የሚባለው ነገር አንድ ወጥ አለመሆኑን፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ይሄ እዚህ ይሁን ያ እዚያ ይሁን እያለ እንደሚያስቀምጠው የገባኝ ያን ዕለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሙዚቃ የሚቀላቅል ሰው ሥራ ለእኔ ከዘፋኙ ሥራ አያንስም።

አከራያችን፣ እትዬ የምንላቸው፣ አድቬንቲስት ናቸው፤ በወጣትነታቸው በሚሽኑ መዘምራን ውስጥ አልቶ ይዘምሩ ነበር። ቤታቸው ከእኛ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ሰንበታቸው ይገባል፤ ቅዳሜ ፀሐይ ስትጠልቅ ይወጣል። ዝም በሉ ብለውን አያውቁም። እኛው ነን ዓርብ ማታ የዉፈሩን ገመድ የምንነቅለው፤ ግድግዳቸውን የሚያንቀጠቅጠው እሱ ነዋ። ለዉፈሩ ከስክሪኑ አጠገብ መቀመጥ ግዴታው አይደለም፤ ወፍራም ድምፅ ከየት እንደመጣ ጆሮ ስለማይለይ የትም ቢደረግ ይሠራል። ስለዚህ ኋላ ከእሳቸው ግድግዳ አርቀን፣ ወደ ውጭው በር አዞርነው። የሰፈር ልጆች የፊልም ቀናቸው ቅዳሜ ማታ ነበር፤ ጀንበሯን እያዩ ደጅ ላይ ይጠብቃሉ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የእትዬን ሰንበት መውጫ በቃሉ ያውቅ ነበር።

አንድ እሑድ እትዬ በነጠላቸው ጫፍ የጠቀለሉትን ካሴት ይዘው መጡ። «ልጄ፣ እስቲ በዚህ በአዲሱ አሰማኝ» አሉኝ። የመዘምራናቸው ካሴት ነው፣ በጸሎት ቤት ውስጥ በሁለት ማይክ የተቀዳ። ቴፑን ከአምፑ ጋር በቀይና በነጩ ጃክ አገናኝቼ ከፈትኩት። መዝሙሩ ሲጀምር የኋላዎቹ ስፒከሮች ተነሱ። ሁለት ማይክ ተለያይቶ ሲቆም በግራና በቀኝ የሚገባው ስለሚለያይ፣ የጸሎት ቤቱ ግድግዳ የመለሰው ድምፅ ሁሉ ወደ ኋላ ሄዶ ክፍላችን ሰፋች። እትዬ መጀመሪያ ዝም አሉ። ቀጥሎ ጣታቸውን አንስተው ማሳየት ጀመሩ፦ ሶፕራኖዎቹ እዚህ፣ ባሶቹ ከወዲያ ከመስኮቱ በኩል፣ ቴኖሮቹ ከኋላቸው። ከዚያ በቴሌቪዥኑና በግራው ስፒከር መካከል ባዶውን ቦታ እያሳዩ፣ «እኔ እዚህ ጋ ነበርኩ» አሉ። ከጎናቸው ትቆም የነበረችው ጓደኛቸው አርፋለች። የእሷንም ቦታ አሳዩኝ። እናቴ የቡናውን ጀበና ይዛ ቆማ ነበር፤ ሳትቀዳ የካሴቱ አንድ ጎን አለቀ።

ሲኒማ ቤት ገብተው የማያውቁ ሰዎች ይህን ሰሙ። ዓለም እዚህ የደረሰበት መንገድ ረጅም ነው። ዋልት ዲስኒ በእ.ኤ.አ. 1940 ለፋንታዚያ ብሎ አዳራሽ ሙሉ ስፒከር ያስተከለበት ዘዴ እጅግ ውድ ስለነበር በጥቂት ከተሞች ብቻ ታይቶ ቀረ። በ1979 በኮፖላ አፖካሊፕስ ናው መክፈቻ ላይ ሄሊኮፕተሩ አዳራሹን የዞረው በዋልተር መርች ሥራ ነው። በ1992 ዶልቢ ዲጂታል ወደ ሲኒማ ገባ፣ በዓመቱ ጁራሲክ ፓርክ ድምፁን ከፊልሙ ለይቶ በሲዲ ይዞ መጣ። ከዚያ ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላ በድንች ገንዘብ የተገዛ አምፕ ኩየራ ደረሰ። ዕቃው ስሙ ከታወቀ የጃፓን ስም በአንድ ፊደል ብቻ የሚለይ ቢሆንም፣ ያመጣልን ነገር ሐሰተኛ አልነበረም።

ጁራሲክ ፓርክ ራሱ እኛ ቤት የገባው አንድ ዘመድ ከውጭ በላከው ኦሪጅናል ዲቪዲ ነው። ዲቪዲ ማጫወቻችን ጀርባው ላይ ስድስት ቀዳዳ ነበረው፤ አምፑም እንዲሁ። ስድስቱን ገመድ በስድስቱ ሰክተን ማጫወቻው ላይ 5.1 የሚለውን ስንመርጥ፣ አምፑ መገመቱን ተወ፤ ለየስፒከሩ የተላከለትን ብቻ ማድረስ ሆነ ሥራው። ነጥብ አንዷ የዉፈሩ ድርሻ ናት፤ ከ120 ኸርዝ በታች ያለውን ብቻ የምትይዝ። ዳይኖሰሩ ገና ሳይታይ፣ በዝናቡ መሃል እርምጃው ሲመጣ፣ በመኪናው ውስጥ ያለው የብርጭቆ ውኃ ሲርገበገብ ረከቦቱ ላይ የተደረደሩት ስኒዎች አብረው ተንቀጨቀጩ። አንድ የጎረቤት አዛውንት፣ አባባ የምንላቸው፣ በኦሮምኛ «ጎፍታኮ!» ብለው ከመቀመጫቸው ተነሱ፤ ጌታዬ ማለታቸው ነው። አማርኛቸው ጥቂት፣ እንግሊዝኛቸው ምንም፤ ከዚያች ማታ ወዲህ ግን ቅዳሜን አይቀሩም ነበር። ንግግሩን ሳይሰሙ ፊልሙን የተከተሉት በድምፁ ነው፤ ማን ከየት እንደመጣ፣ አደጋው ከኋላ እንደሆነ ከእኛ ቀድመው ያውቃሉ።

ደግሞ ሌላ ዓይነት ማታ ነበር። ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. የፋሲካ ዕለት ጥላሁን ገሠሠ አረፈ። በዚያው ሳምንት ኢቲቪ የድሮ ዘፈኖቹን ሲያሳይ፣ ሥርዓተ ቀብሩን ሲያስተላልፍ ቤታችን ሞላ፤ ቦታ ያጣው በሩ ላይ ቆመ። በጣሪያው አንቴና የምንቀበለው ድምፅ አንድ ወጥ ነው፣ የድሮዎቹ ቅጂዎቹም እንዲሁ። አምስት ስፒከር ባለበት ክፍል የሚናገረው መሃሉ ሆነ። የጥላሁን ድምፅ አንድ ቦታ ላይ ተሰብስቦ፣ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ እንደሚዘፍን ያህል ጠርቶ ወጣ። የኋላዎቹ ዝም ማለታቸው ያን ማታ ጉድለት አልነበረም። የመሃል ስፒከርን ዋጋ አልሰማም የሚል ካለ ይህን እነግረዋለሁ፤ ዙሪያውን የሚሞላው ፍንዳታ ደስ ያሰኛል፣ ሰው የሚታመነው ግን መሃል ላይ በሚሰማው ድምፅ ነው።

መብራቱ ብቻ አላስቀምጥ ብሎን ነበር። መብራት በፈረቃ በነበረበት ዓመት፣ ሲመጣ ከነጉልበቱ ስለሚመጣ፣ ሲጠፋ ወዲያው ዲቫይደሩን መንቀል የልጆች ሥራ ነበር። አንድ ሌሊት ሁሉም ተኝቶ ሳለ ጠፍቶ መጣ፤ ጠዋት ስንከፍተው የቀኙ ስፒከር እንደ ንብ ያጉረመርማል። ሻሸመኔ ባለሙያ ዘንድ ተሸክሜው ሄድኩ። ሳይከፍተው በፊት በአንድ እጁ አንስቶ መዘነው። «አምፕ ማለት ትራንስፎርመር ነው፤ ካልከበደ አይጮኽም። ይሄ መካከለኛ ነው» አለኝ። ሲከፍተው ውስጡ ግማሽ ባዶ ነው። በአንድ የአሉሚኒየም ሳህን ላይ አምስት እግር ያላቸው ትናንሽ ጥቁር ቺፖች ተደርድረዋል፣ ሁሉም ላይ ቲዲኤ 2030 ይላል። አንዱ ለአንድ ስፒከር፣ ሁለቱ ተባብረው ለዉፈሩ። አንደኛዋ ተሰንጥቃ ነበር። አምስቱን እግሮች አንድ በአንድ አሙቆ ነቀለ፣ ነጩን ቅባት ጠርጎ አዲስ ቀባ፣ አዲሷን አስቀምጦ በየደ፣ አናቷ ያበጠ ካፓሲተርም አብሮ ለወጠ። የከፈልኩት የምሳ ዋጋ አይሆንም። ዛሬ ያሉት ቀጫጭን ዕቃዎች ሲበላሹ የሚከፈትላቸው ሆድ የላቸውም። ያ አምፕ ግን አንድ ሰው በመበየጃ ከሞት የሚመልሰው ዕቃ ስለነበር ነው ዓመታት የቆየው።

ክረምትም የራሱ ነገር ነበረው። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ አርባ ዋትም አራት ሺህ ዋትም አንድ ነው፤ ፊልሙን አቁመን በቆሎ እሸት እንጠብሳለን።

ወንድሜ ዛሬ ሐዋሳ ነው። ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ መስኮቱ ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት የሆነ ቤት አለው። ከዱባይ ያስመጣው ሪሲቨር ማይክ አውጥቶ ክፍሉን ራሱ ይለካል፤ ስፒከሮቹ እያንዳንዳቸው የኩየራውን ስብስብ አምስት እጥፍ ያወጣሉ። ሄጄ አብረን አንድ የአማርኛ ፊልም ከፈትን። ተዋናዩ የሚለው አይለይም። ቃሉ ከአፉ ወጥቶ ሴራሚኩን፣ መስታወቱን፣ ብሎኬቱን እየመታ ሲመለስ ቀጣዩን ቃል ይደርስበታል። መሃል ክፍሉ ላይ ቆሜ አንድ ጊዜ ባጨበጭብ ክፍሉ መለሰልኝ። ኩየራ ላይ ጭብጨባ ባለበት ይቀር ነበር፤ ጭዱ፣ አቡጀዲው፣ ሰሌኑ፣ በየጥጉ የተቀመጠው ሰው የሚውጠውን ውጦ፣ ወፍራሙን ድምፅ ደግሞ ላላ ያለው ግድግዳ አሳልፎ ወደ ውጭ ይሰድደው ነበር። እትዬን ያስቸገረው ያው ነገር ለእኛ ክፍሉን ያጠራልን ነበር። ድምፅን ለሚያጠኑ ባለሙያዎች ትልቅ ገንዘብ ተከፍሎ የሚሠራውን ሥራ፣ አንድ የኩየራ ግንበኛ በጭቃና በጭድ ሳያስበው ሠርቶት ነበር።

ወንድሜ ይህን ሲሰማ ወፍራም መጋረጃ አደረገ፣ ምንጣፍ አነጠፈ፣ አንድ ግድግዳ በመጽሐፍ መደርደሪያ ሞላ። ተሻሻለ፤ የኩየራውን ግን አልሆነም። አሁን ኩየራ ላይ፣ እትዬ ከልጆቻቸው ጋር ተስማምተው በሸጡለት ጓሮ ትንሽ ቤት ሊያሠራ ነው። የፊልም ክፍሏ ግድግዳ ጭቃ ይሁን ብዬዋለሁ። ኮርኒሱን በጨርቅ ለማድረግ እሺ ብሏል፤ ስለ ግድግዳው ግን ሚስቱ ምስጥ ትፈራለች፣ ገና እየተነጋገርንበት ነው። የስፒከር ገመድ ማለፊያ ቱቦው ግን ልስኑ ሳይመታ በፊት፣ ከኋላ በኩል፣ ከተቀማጭ ጆሮ ከፍ ብሎ እንዲገባ ለግንበኛው ተነግሮታል።